መዝገቡ ላይ የሌለችው እህት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ሴቶችና ስለ አሜሪካ የውትድርና መዝገብ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ወደ እኛው ስዞር እናገራለሁ።

በዲቪ መጥቶ ሜሪላንድ የገባ አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። ልጆቹ መንትዮች ናቸው፤ ወንድና ሴት፣ ሁለቱም 19 ዓመታቸው። ወንዱ አገር በገባ በ30 ቀን ውስጥ «ሰሌክቲቭ ሰርቪስ» በሚባለው መሥሪያ ቤት ስሙን ማስመዝገብ ግዴታው ነው። እህቱ ግን ልመዝገብ ብላ ብትለምን እንኳ የሚቀበላት የለም። ይህ ወግ እንዳይመስላችሁ፤ በ2015 ኒው ጀርሲ ውስጥ አንዲት ወጣት ሞክራው ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ገብታ ጾታ በሚለው ቦታ «ሴት» ብላ ስትሞላ ቅጹ አላሳልፍ አላት። እሷም መንግሥትን ፍርድ ቤት አቆመችው።

የውትድርና ምዝገባ ሲባል የአንዳንዶቻችን ሆድ መረበሹ አይቀርም። በእኛ አቆጣጠር በ1975 የወጣውን የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የሚያስታውሱ አድማጮች ብዙ ናቸው፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል የሚል ነበር። ቀበሌ የሚያወጣው ዝርዝር፣ ቀጥሎ የመጣው አፈሳ፣ ልጁን ኮርኒስ ውስጥ የደበቀ ወላጅ ሁሉ ከዚያ ዘመን የቀሩ ትዝታዎች ናቸው። የአሜሪካው መዝገብ እንደዚያ አይደለም። እዚህ አገር በግዳጅ ወደ ጦር ሠራዊት የገባ ሰው ከ1973 ወዲህ የለም። መዝገቡ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 25 የሆነ ወንዶች ስምና አድራሻ የተጻፈበት ዝርዝር ነው። አንድ ቀን ኮንግረስና ፕሬዚዳንቱ ተስማምተው የግዳጅ ውትድርናን ቢመልሱ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣውም የሚወጣው በልደት ቀን ነው።

ዕጣው እንዴት ያለ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ የቬትናም ጦርነት ጊዜውን አስታውሱ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 ዋሽንግተን ውስጥ፣ በቴሌቪዥን እየታየ፣ አንድ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ቀረበ። በውስጡ 366 ሰማያዊ የፕላስቲክ እንክብሎች ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው አንድ የልደት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልሏል። መጀመሪያ የወጣው መስከረም 14 ነበር። በዚያ ቀን የተወለዱና ዕድሜያቸው የደረሰ ወንዶች ሁሉ በዚያች ደቂቃ የሰልፉ መጀመሪያ ላይ ቆሙ። በዚያው ቀን የተወለዱት ሴቶች ግን ዜናውን እንደ ማንኛውም ተመልካች ነው ያዩት።

ሴቶች ለምን ቀሩ? መልሱ ረጅም ታሪክ ያለው ይመስላል እንጂ አሁን ያለው መዝገብ ከ1980 ወዲህ የመጣ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1979 መጨረሻ አፍጋኒስታን ስትገባ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ተቋርጦ የነበረው ምዝገባ እንዲመለስ ወሰኑ፤ ኮንግረስንም ሴቶችም ይመዝገቡ ብለው ጠየቁ። ኮንግረስ ገንዘቡን ለወንዶች ብቻ ፈቀደ። በዚህ ጊዜ ከቬትናም ዘመን ጀምሮ ፍርድ ቤት ውስጥ ተኝቶ የነበረ ክስ ተነሣ። ከሳሾቹ ወንዶች ነበሩ፤ ለእኛ ብቻ መሆኑ አድልዎ ነው ባዮች። የታችኛው ፍርድ ቤት ምዝገባው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ፤ ውሳኔው በማግስቱ ታገደ፤ ምዝገባውም በየፖስታ ቤቱ ተጀመረ።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰኔ 25 ቀን 1981 ስድስት ዳኞች ለሕጉ፣ ሦስት በሕጉ ላይ ሆነው ወሰኑ። የሰሌክቲቭ ሰርቪስ ኃላፊ በርናርድ ሮስትከር፣ ከከሳሾቹ አንዱ ጎልድበርግ ይባሉ ስለነበር ውሳኔው እስከ ዛሬ «ሮስትከርና ጎልድበርግ» እየተባለ ይጠራል። የብዙኃኑን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ዊልያም ሬንኲስት ናቸው። መከራከሪያቸው አጭር ነው፤ የግዳጅ ውትድርና ዓላማው ተዋጊ ማግኘት ነው፤ ሴቶች እንዳይዋጉ በሕግና በመመሪያ ተከልክለዋል፤ ስለዚህ ወንድና ሴት በዚህ ጉዳይ እኩል ቦታ ላይ አይደሉም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ፍርድ ቤቱ ሴት መዋጋት አትችልም አላለም። አትዋጋም የሚል ደንብ አለ፣ ደንቡም ስላለ መመዝገብ አያስፈልጋትም ነው ያለው። ምዝገባው ደንቡን ተደግፎ ቆሟል ማለት ነው። ደንቡ ቢወድቅ ምዝገባው በምን ይቆማል? የዛሬው ነገራችን ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ደንቡ መጀመሪያ የወደቀው በወረቀት አልነበረም፤ ኢራቅ ውስጥ አስፋልት ላይ ነው። በ1994 የወጣው መመሪያ ሴቶች ዋና ሥራቸው ቀጥተኛ የምድር ውጊያ በሆነ ክፍሎች እንዳይመደቡ ይከለክል ነበር። ኢራቅ ላይ ግን ግንባር የሚባል ነገር ጠፋ። ነዳጅና ስንቅ የጫነ መኪና የምትነዳ ሴት ከእግረኛው ወታደር ባላነሰ ለፈንጂና ለደፈጣ ተጋለጠች። ሄሊኮፕተር አብራሪዋ ታሚ ዳክዎርዝ በኅዳር 2004 በሮኬት ተመትታ ሁለት እግሮቿን አጣች፤ ዛሬ የኢሊኖይ ሴናተር ናት።

የሊ አን ሄስተርን ታሪክ ግን ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። የኬንተኪ ብሔራዊ ዘብ አባል፣ ወታደራዊ ፖሊስ ነበረች፤ ሥራዋ የጭነት መኪናዎችን ማጀብ። መጋቢት 20 ቀን 2005 ከባግዳድ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሳልማን ፓክ አጠገብ፣ 30 ያህል መኪናዎች ያሉት ቅፍለት ደፈጣ ገባ። ደፈጣው ላይ 50 የሚሆኑ ታጣቂዎች ነበሩ፤ የእነ ሄስተር ቡድን አሥር ሰው ነው። የቡድኑ መኪናዎች ተኩሱን ሰንጥቀው በጠላት ጎን ዞሩና ማምለጫውን ዘጉ። ከዚያ ሄስተርና የቡድኑ መሪ ከመኪና ወርደው፣ ታጣቂዎቹ ያሉበት ቦይ ውስጥ ገብተው፣ ቦምብ እየወረወሩና በቅርብ እየተኮሱ ጠረጉት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የብር ኮከብ ሜዳይ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ሆነች። በዚያች ቀን በሥራ ላይ በነበረው መመሪያ መሠረት ሄስተር ተዋጊ አልነበረችም። ሜዳዩ የተሰጠው ግን ለውጊያ ነው። አንድ መንግሥት በአንድ እጁ «አትዋጋም» ብሎ ጽፎ በሌላው ለውጊያ ሲሸልም የትኛውን ወረቀት እንመን?

በኋላ ወረቀቱ ሜዳውን ተከተለ። ጥር 24 ቀን 2013 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሊዮን ፓኔታ የ1994ን ክልከላ አነሡ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ከእሳቸው በኋላ ሥልጣኑን የያዙት አሽ ካርተር የቀሩትን 220 ሺህ ያህል የሥራ ቦታዎች ያለ ምንም ልዩነት ከፈቱ፤ እግረኛ፣ ታንከኛ፣ ልዩ ኃይል ሁሉ። በመካከሉ፣ በሚያዝያ 2015፣ ጆርጂያ በሚገኘው የሬንጀር ትምህርት ቤት 19 ሴቶች ገብተው ነበር። ከተራራው ረግረጉ፣ ከእንቅልፍ ማጣት ረኃቡ የሚከብድበት፣ ወንዱም የሚበዛው የሚወድቅበት ትምህርት ቤት ነው። በነሐሴ ሁለት ሴቶች ጨረሱ፤ ክሪስተን ግሪስትና ሼይ ሄቨር። በጥቅምት ሦስተኛዋ ሊሳ ጃስተር ተከተለች፤ የ37 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት።

ተቃውሞውንም አልደብቅም፤ መሠረት ያለው ተቃውሞ አለና። የባሕር ኃይል እግረኛው፣ ማሪን የሚባለው፣ በዚያው ዓመት ወንዶች ብቻ ያሉባቸውንና ሴቶች የተቀላቀሉባቸውን ቡድኖች በውጊያ ልምምድ አወዳድሮ ነበር። ከ134 ሥራዎች በ93ቱ ወንዶች ብቻ ያሉባቸው ቡድኖች በልጠው ተገኙ፤ ሴቶቹ ላይም ጉዳት በዛ። የጥናቱን አሠራር የነቀፉ ነበሩ፤ የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ሬይ ሜበስ ራሳቸው አልተቀበሉትም። በ2025 መስከረም ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት ጄኔራሎችን ኳንቲኮ ጦር ሰፈር ሰብስበው ለውጊያ ሥራ የሚፈለገው የአካል ብቃት ከፍተኛው የወንዶች መለኪያ ይሁን አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ መለኪያውና መዝገቡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። 30 ኪሎ ተሸክሞ ሌሊቱን መጓዝ የማይችል ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እግረኛ አይሁን፤ ይህ የመለኪያ ነገር ነው። መዝገቡ ላይ ግን ዓይኑ የደከመም፣ እግሩ ጠፍጣፋ የሆነም፣ ጠመንጃ ይዞ የማያውቅም ወንድ ሁሉ ስሙ አለ። መዝገቡ ላይ ለመግባት ያለው መለኪያ ወንድ መሆንና ዕድሜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ደንቡ ወድቋል። ምዝገባውስ? ፍርድ ቤቱ ዝም አለ፤ ኮንግረስም ሞክሮ ተወው። በየካቲት 2019 ሂውስተን ያሉ የፌዴራል ዳኛ ግሬይ ሚለር ወንዶችን ብቻ መመዝገብ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈረዱ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2020 ሻረው፤ የሻረውም ዳኛው ተሳስተዋል ብሎ ሳይሆን የጠቅላይ ፍርድ ቤትን ውሳኔ መሻር የሚችለው ራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብቻ ነው ብሎ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በሰኔ 2021 ጉዳዩን አላይም አለ። ሶንያ ሶቶማዮር፣ ስቲቨን ብራየርና ብሬት ካቫና፣ በብዙ ነገር የማይስማሙ ሦስት ዳኞች፣ አብረው አጭር ጽሑፍ አወጡ። ሐሳቡ በቀላሉ ሲነገር፣ ነገሩ ተለውጧል፣ ግን ኮንግረስ እየመከረበት ስለሆነ እንጠብቀው የሚል ነበር።

ኮንግረስስ? በ2016 ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ደንከን ሀንተር የተባሉ የካሊፎርኒያ ተወካይ፣ ሴቶች በውጊያ መግባታቸውን አጥብቀው የሚቃወሙ ሰው፣ ሴቶች ይመዝገቡ የሚል ማሻሻያ አቀረቡ። የልባቸው ሐሳብ ሌላ ነው፤ የሴት ልጆቻችሁ ስም ሲጻፍ እናያለን ብለው ባልደረቦቻቸውን ለማስደንገጥ። የምክር ቤቱ የጦር ኃይሎች ኮሚቴ 32 ለ30 አጸደቀው! ሰውዬው በገዛ ማሻሻያቸው ላይ ተቃውሞ ነው የሰጡት። ሴኔቱም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ አንቀጽ ያለበትን የመከላከያ ሕግ አሳለፈ። በመጨረሻ አንቀጹ ወጥቶ አጥኚ ኮሚሽን ይቋቋም ተባለ። ኮሚሽኑ በመጋቢት 2020 ጥናቱን አቀረበ፤ ሴቶች ይመዝገቡ አለ። በ2021 አንቀጹ እንደገና ገባ፤ በታኅሣሥ፣ በዝግ ድርድር፣ እንደገና ወጣ። ከዚያ ወዲህም ገብቶ ወጥቷል። በኮሚቴ የሚጸድቅና በመጨረሻው ሌሊት የሚሰረዝ አንቀጽ ማንም ኃላፊነቱን ሊሸከም የማይፈልገው አንቀጽ ነው። ፍርድ ቤቱ ወደ ኮንግረስ ያያል፣ ኮንግረስ ወደ ምርጫ ሳጥን ያያል።

ሌላ አገር ይህ ክር በተገላቢጦሽ ተፈትሏል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት እስራኤል ሴቶች ከ1949ኙ ሕግ ጀምሮ ለውትድርና ይጠራሉ፤ ሃይማኖተኛ መሆኗን ያስመዘገበች ልጅ ግን ነፃ ትሆናለች። ሲጠሩም ለአሥርት ዓመታት መዋጋት አይፈቀድላቸውም ነበር። እንግዲህ አሜሪካ ዛሬ ሴቷን አዋግታ አትመዘግብም፤ እስራኤል ትመዘግባትና አታዋጋትም ነበር። ያንን የሰበረችው አሊስ ሚለር ናት። ከደቡብ አፍሪካ የመጣች፣ የሲቪል በረራ ፈቃድ በእጇ የያዘች ወጣት የአየር ኃይል አብራሪነት ፈተና ልፈተን ብላ ተከለከለች፤ ከሰሰች፤ በ1995 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደላት። እሷ ራሷ በጤና ምርመራው አላለፈችም፤ በሩ ግን ተከፍቶ ቀረ፤ በ2001 ሮኒ ዙከርማን የተዋጊ ጄት አብራሪ ሆነች። በ2000 ሕጉ ተሻሻለ፤ ካራካል የሚባለው ወንድና ሴት የተቀላቀለበት ሻለቃም በግብፅ ድንበር ተሰለፈ። ከአገራችን ሄደው እዚያ ያደጉ ልጃገረዶችም የመጥሪያ ወረቀቱ ይደርሳቸዋል።

ኖርዌይ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገች። ፓርላማዋ በ2013 ወሰነ፤ ሕጉ በ2015 ሥራ ላይ ዋለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሴት ግዳጀኞች በ2016 ገቡ። ከኔቶ አገሮች ቀዳሚዋ ናት። አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ከሁሉም በላይ የማረከኝ እሱ ነውና። በየዓመቱ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ወጣት፣ ወንድም ሴትም፣ መጀመሪያ በኢንተርኔት መጠይቅ ይሞላል፤ ስለ ጤናው፣ ስለ ትምህርቱ፣ ማገልገል ይፈልግ እንደሆን። ከዚያ የተመረጡት በአካል ቀርበው ይፈተናሉ። በመጨረሻ የሚገባው ከአምስት አንዱ እንኳ አይሞላም። ሠራዊቱ ሁሉን ሰው ስለማይፈልግ ከሁሉም ውስጥ ይመርጣል፤ ስለዚህ መጠራት እንደ ቅጣት መታየቱ ቀርቶ የሚወዳደሩበት ነገር ሆነ። ወንድና ሴት ወታደሮች በአንድ ክፍል የሚያድሩበት ቦታም አለ፤ ለእኛ ጆሮ ትንሽ ይከብዳል፣ እነሱ ግን ለምደውታል። ስዊድን በ2017 ተከተለች። ዴንማርክ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 18 ዓመት የሚሞላቸውን ልጃገረዶች ዕጣው ውስጥ አስገባች፤ እሷን ያስቸኮላት ሩስያ ናት።

እዚህ አገር የሚሰማው ሙግት ደግሞ ባልተጠበቀ መስመር ነው የተከፈለው። በ1970ዎቹ ፊሊስ ሽላፍሊ የተባለች ወግ አጥባቂ የእኩል መብት የሕገ መንግሥት ማሻሻያውን ስትታገል ከዋና መሣሪያዎቿ አንዱ ይኸው ነበር፤ ማሻሻያው ከጸደቀ ሴት ልጃችሁን ለጦር ይወስዷታል እያለች። በሌላ ወገን ብሔራዊ የሴቶች ድርጅት በ1981ዱ ክርክር ሴቶችን ከመዝገብ ማስቀረት ሁለተኛ ዜጋ ማድረግ ነው ብሎ ለፍርድ ቤቱ ጻፈ። ሰላም ፈላጊዎቹ ደግሞ መዝገቡን ማስፋት ሳይሆን መቅደድ ነው ይላሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ከሦስቱ ሁለቱ መንገድ አላቸው እላለሁ፤ ወይ ሁሉም ይመዝገብ፣ ወይ ማንም አይመዝገብ። መሠረቱ ከተናደ በኋላ ጣራው እንዳለ ይቆያል የሚለው ብቻ አይዋጥልኝም። ልጄን አልሰጥም የምትል እናት ግን ለወንዱም ለሴቷም ስታለቅስ ሰምቻታለሁ፤ እሷን በሕግ ሙግት የሚረታት የለም።

ከእናንተ መካከል ነርሶች ብዙ ናችሁና አንድ ነገር ልጨምር። ሴቶችን በግዳጅ መጥራት ለአሜሪካ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በጥር 1945 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ነርሶች በግዳጅ ይጠሩ ብለው ኮንግረስን ጠየቁ፤ የተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት አጸደቀው፤ በሴኔቱ ሳያልፍ ጀርመን እጇን ሰጠች። ዛሬም ሰሌክቲቭ ሰርቪስ በመሳቢያው ያስቀመጠው አንድ ተጠባባቂ ዕቅድ አለ፤ ክፉ ቀን ቢመጣና ኮንግረስ ቢፈቅድ ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን ለመጥራት። ያ ዕቅድ ወንድ ሴት አይልም።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልመለስና ልጨርስ። በአሜሪካ የሚኖር ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ ልጅ፣ ዜጋም ይሁን ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠብቅም ሆነ ወረቀት የሌለው፣ መመዝገብ አለበት። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለና ቪዛው ያልተቃጠለ አይመለከተውም። አለመመዝገብ በወረቀት ላይ እስከ አምስት ዓመት እስራትና 250 ሺህ ዶላር ያስቀጣል፤ ከ1986 ወዲህ ግን በዚህ የተከሰሰ የለም። ምዝገባው ወጣቱ ሳይጠየቅ በመንግሥት መዝገብ እንዲፈጸም የሚያዝዝ ሕግ በታኅሣሥ 2025 ወጥቷል፤ ሥራ ላይ እስኪውል ግን ግዴታው የወጣቱ ነው። ጥርሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ከፌዴራል ሥራ ያስቀራል፤ ዜግነት ሲጠየቅ ደግሞ መኮንኑ «ተመዝግበሃል?» ይላል። 26 ዓመት ከሞላው በኋላ ልመዝገብ ቢል አይመዘገብም፤ እስከ 31 ዓመቱ ድረስ ያልተመዘገበው ሳያውቅ እንጂ ሆን ብሎ እንዳልሆነ ማስረዳት ይጠበቅበታል። የብዙ ልጆቻችን ጉዳይ የተጓተተው እዚህ ላይ ነው። ኮንግረስ አንቀጹን አንድ ቀን ካሳለፈው ይህ ሁሉ፣ ቅጹም ጥያቄውም፣ በሴቶች ልጆቻችሁም ላይ ይሆናል። እስከዚያው ወንዱ ልጅ የተመዘገበበትን የማረጋገጫ ደብዳቤ ከፓስፖርቱ ጋር ያስቀምጥ፤ ከጠፋበትም ቁጥሩን ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ማውጣት ይችላል።